የአባዬ መዳፍና የዱጉማ ሳጥን

ወንድሜ ዱጉማ የቤዝ ሳጥን፣ የመኪና ስፒከር የሚገጠምበትን፣ ይሠራ ነበር። ሳጥን ስላችሁ ጣውላ ገጥሞ ሚስማር መምታት እንዳይመስላችሁ፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ስንት ዘመን ስስቅበት ኖሬያለሁ። «አናጢ ነኝ በል እንጂ የምን ዲዛይን ነው የምትለው!» እለው ነበር። ዱጉማ ሲናደድ አይጮህም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ጯሂዋ እኔ ነኝ። ሶፊ እባላለሁ፤ ግቢያችን መግቢያ ላይ ሱቅ አለኝ፤ ምላሴን ላፍቶ ሙሉ ያውቀዋል።

ግቢያችን ድሮ እርሻ ነበር። አባዬ ሂርጳ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ጤፍና ሽምብራ ሲዘራ ነው የኖረው። ከዚያ ከተማው መጣ። እኛ ወደ ከተማ አልሄድንም፤ እሱ ነው እላያችን ላይ የመጣው። መሬቱ ሲሄድ በሬዎቹም ተሸጡ፤ የቀረችን ይቺ ግቢና ከአስፋልቱ እሷ ድረስ የምታደርስ ጠባብ መንገድ ብቻ ነች። እማዬ ያንን ጉድ ሳታይ ሞተች፤ ተገላገለች እላለሁ አንዳንዴ።

አባዬን ያየ ሰው ያኔ ያዝንለት ነበር። ጠዋት እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ጋቢውን ይለብሳል፣ በር ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ መሄጃ የለውም። ተመልሶ ይመጣና የበሬዎቹ ማሰሪያ የነበረው ግንድ ላይ ቁጭ ይላል። ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። አቤት እጅ! መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ጣቶቹ የጎበጡ። አንድ ቀን «ሶፊ፣ ይሄ እጅ አሁን ምን ይሠራል?» አለኝ። «ስኳር መዝንልኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን አልመዘነልኝም።

ሥራ የሰጠው ዱጉማ ነው፤ ሳያስበው ይሁን እንጂ።

ዱጉማ ጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲማር ቆየና ግቢው ጀርባ ቆርቆሮ መትቶ የራሱን ሥራ ጀመረ። ደንበኞቹ የሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው። ከጀሞ ሜክሲኮ ሲመላለስ የሚውል ሹፌር፣ መቼስ ታውቁታላችሁ፣ ነዳጅ ሳይቀዳ ያድራል እንጂ ሙዚቃ ሳይኖረው አያድርም። ሳጥኑ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ይገባል፣ የኋላውን መስታወት ይጋርዳል። መንገዳችን ደግሞ መኪና አያዞርም፤ ስለዚህ ሚኒባስ ሁሉ ከአስፋልቱ ጀምሮ በኋላ ማርሽ ነው የሚገባው። በአንድ በኩል የድንጋይ አጥር፣ በሌላው በኩል ቦይ፣ መጨረሻው ላይ የዱጉማ ሥራ ቤት በር። ሹፌሩ ከኋላው ምንም አያይም።

እዚህ ጋ ነው አባዬ ከግንዱ ላይ የተነሳው። ማንም አልለመነውም። አንዱ ሹፌር ቦይ ውስጥ ሊገባ ሲል «ቁም!» ብሎ ጮኸ፤ አልሰማውም፤ በመዳፉ ቦዲውን ጓ አደረገው። ሹፌሩ ቀጥ አለ። በዚህ ከተማ የሚነዳ ሰው ይሄን ቋንቋ ያውቀዋል፤ የረዳት መዳፍ ቦዲው ላይ ካረፈ እግር ራሱ ፍሬን ላይ ይሄዳል፣ አእምሮ አይጠየቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዷ የአባዬ ሆነች። ከጎን ይቆማል፣ «ና! ና! ና!» ይላል በሬ እንደሚነዳ ሰው፤ ሲበቃ ግን አፉን ዘግቶ አንዴ ይመታል። ጓ! አለቀ። አንድም መኪና ተጭሮ አያውቅም። ሹፌሮቹ «የፋዘር እጅ ካለ ዓይን ምን ያደርጋል» ይሉት ነበር። ይህችን ሲሰማ ጢሙን እየዳበሰ ወደ እኔ ያያል፣ ሰማሽ ወይ እንደማለት። ዕድሜ ለሚኒባስ፣ አባዬ ሰው ሆነ። እጁም ሥራ አገኘ።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልመለስ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ዱጉማ መጀመሪያ የሚሠራው ድፍን ሳጥን ነበር። ድፍን ማለት ስፒከሩ የገባበት ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ሌላው ሁሉ በኮላ የታሸገ ነው። አየሩ መውጫ ስለሌለው ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል፤ ጡ ይላል፣ ያበቃል፣ ጡ ይላል፣ ያበቃል። ሹፌሮቹ ግን ሌላ ነገር አማራቸው። «ጆሮ አይደለም የምፈልገው፣ ሆድ ውስጥ ይግባልኝ» ይሉታል። «ወደ ታች ይውረድ፣ አንጀቴን ይያዘኝ።» አንጀታቸውን ይያዘውና!

እናም ዱጉማ መተንፈሻ ያለው ሳጥን መሥራት ጀመረ። መተንፈሻውን ጉሮሮ ይለዋል። ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ሳጥኑ ውስጥ ታፍኖ በመቅረት ፈንታ በጉሮሮው ዞሮ ይወጣና ድምፁን ያግዘዋል። ሲያወራው ቀላል ነው። ጉሮሮው ሲረዝም ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲጠብ ያፏጫል፤ ከሳጥኑ ስፋት ጋር ካልተስማማ በአፍንጫው የሚያወራ ሰው ይመስላል። ረጅም ጉሮሮ ደግሞ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በግድግዳው ጥግ ጥግ አጥፎ ያስኬደዋል፣ ማዕዘኑን በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ስንቱን ኮምፔንሳቶ ጣውላ አበላሸ! ስንቱን ሠርቶ አፈረሰ! ጉሮሮው አፍ ላይ የጥጥ ክር አንጠልጥሎ ክሩ ሲወዛወዝ ያያል። ምሳ ስወስድለት ክር እያየ አገኘዋለሁ፤ ሳህኑን ልወስድ ስመለስ ክር እያየ አገኘዋለሁ። «ቆይ ሚስት የምታገባው መቼ ነው፣ ይቺ ክር ስትበጠስ?» አልኩት። «ድምፁን ስሚው» አለኝ። ሰማሁት። እውነቱን ልናገር፣ አልሰማሁትም። ወለሉ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ ደረቴ። ጡ ብሎ የሚያበቃው ቀርቶ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየደረሰበት፣ መሃሉ ባዶ የሌለው ነገር ሆነ። ዱጉማ እንደ ልጅ ሳቀ። ስንት ዓመት እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ወሬው ጀሞ ደረሰ፣ ሀና ማርያም ደረሰ፣ ሚኒባስ ተሰለፈ። የገባው ሁሉ ጉሮሮ አስገጥሞ ይወጣል።

እና ከዚያ በኋላ ነው የአባዬ እጅ ደከመ መባል የተጀመረው።

መጀመሪያ አንዱ የኋላ መብራቱን ከአጥሩ ጋር አጋጨው። ወርዶ «ፋዘር፣ መቱልኝ እንዴ? አልሰማሁም እኮ» አለ። አባዬ «መታሁ» አለ። ሹፌሩ አልተከራከረም፤ ሽማግሌ አይደል፤ «ችግር የለም ፋዘር» ብሎ የመብራቱን ስብርባሪ ለቀመ። በሌላ ቀን ሌላው የዱጉማን በር ገፋ። «መታሁ» አለ አባዬ። ከዚያ ሌላ። ሁሉም የዱጉማን ሳጥን አስገጥመው ለማስተካከል የተመለሱ፣ ሙዚቃቸውን ከፍተው የሚገቡ ናቸው። ይሄ ለማናችንም አልታየንም። የታየን የአባዬ ሽበት ነው። ሹፌሮቹ በፍቅር፣ በአክብሮት ነው የሚያወሩት፤ «ፋዘር ደክመዋል፣ ይረፉ እንጂ»፣ «በቃ እርስዎ ጥላ ላይ ቁጭ ብለው ይመርቁን»። አክብሮት እንዲህ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ያስባል?

ዱጉማም አንድ ቀን «አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ቁጭ በል። እጅህ እንደ ድሮው አይደለም» አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ የሰው መኪና እየተጫረ እሱ ነው የሚያፍረው። አባዬ ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። የዚያን ዕለት ራቱን አልበላም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የግቢውን የቆርቆሮ በር በመዳፉ ሲመታ አገኘሁት። ጓ! ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ እንጂ! ሰፈሩ ሁሉ ሰማ!»

«ታዲያ እነሱ ለምን አይሰሙም?»

«እኔ ምን አውቄ አባዬ፣ ጆሯቸው ተደፍኖ ይሆናላ» አልኩት። ቀልዴን ነው። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ገልብጦ አየው፣ እንደገና መታ። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ማድረግ ልማዱ ሆነ፣ እጁን እንደ ማጭድ የሚስለው ይመስል። ቁጭም አላለም። ይልቅ ቦታውን ቀየረ። ድሮ ከጎን ነበር የሚቆመው፤ አሁን መኪናው ጀርባ ገብቶ፣ የኋላውን በር ፊት ለፊት መምታት ጀመረ፤ ድምፁ ወደ ሹፌሩ የሚቀርብ መስሎት። ብጮህበት፣ ብለምነው «ከዚህ ከመታሁ ይሰሙኛል» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሰውዬው መሬት ተወስዶበታል፣ በሬ ተወስዶበታል። እጁንም ሊወስዱበት ነው፤ እንዴት ይስጥ?

ሃምዛ የሚባለው ሹፌር ከሁሉም የባሰ የድምፅ እብድ ነው፤ መልካም ልጅ ነው፣ ዘይት በዱቤ ወስዶ ሳልጠይቀው የሚከፍለኝ። ዱጉማ ለእሱ የሠራው ሳጥን ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ፣ ጉሮሮውም ረጅሙ ነበር። ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ ሞኬት ጨርቁን ለማልበስ በሌላ ቀን ተመልሶ ሊመጣ ተቀጣጠሩ። ያን ቀን ከሰዓት ሃምዛ አስፋልቱ ላይ ደርሶ ደወለ፤ ዱጉማ ስልኩን ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ነበርና በጆሮዬ ሰማሁት። «እንዳታጠፋው» አለው። «ሙሉውን ክፈተውና ግባ፤ ከውጭ መስማት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሚኒባሱ በኋላ ማርሽ ገባ። አባዬ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከጀርባው ሆነ። «ና! ና! ና!» ድምፁ አይሰማም፣ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሱቄ ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ። መኪናው አለፈኝና ከዚያ ወዲያ አባዬን ጋረደው፤ መዳፉን ግን ሰማሁ። በእግዜር ስም፣ በእናቴ አጥንት፣ ሰማሁ! ከውጭ ነኛ። ጓ! መኪናው አልቆመም። ጓ! ጓ! ጓ! አልቆመም። ከመደርደሪያው ጀርባ ዘልዬ «ሃምዛ!» እያልኩ ሮጥኩ። ፊቱን በፊተኛው መስታወት አየሁት፤ ራሱን በሙዚቃው እየነቀነቀ ነበር።

በመኪናውና በአጥሩ መሃል ሾልኬ ስደርስ አባዬ በኋለኛው በርና በዱጉማ በር ምሰሶ መሃል ነበር። ዱጉማ አጠገቡ፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። የሳጥኑን ድምፅ ብቻ እየሰማ ነበር። ፈገግ ብሎ ነበር። የኔ ጩኸት ነው ዓይኑን ያስከፈተው። ያንን ፊት፣ ፈገግታው ሳይጠፋ ዓይኑ አባቱን ያየበትን ፊት፣ እስክሞት አልረሳውም።

አባዬን በሌላ ሚኒባስ ጭነን ሆስፒታል ወሰድነው። ዳሌው ደቅቋል፣ ውስጡም ይደማል አሉን። ፖሊስ መጥቶ መንገዱን ለካ፣ ሃምዛን ይዞ ሄደ። ሃምዛ እያለቀሰ «ወላሂ አልመቱም! ቢመቱ እቆም ነበር!» ይላል። እኔ «መትቷል፣ አንተ ደንቆሮ!» እላለሁ። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዱጉማ ቀሰቀሰኝ። የሃምዛ መኪና እዚያው ግቢያችን እንደቆመ ነው። እሱ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሙዚቃውን ከፈተ። «ከኋላ ሆነሽ ምቺ» አለኝ። መታሁ። መዳፌ እስኪግል መታሁ። መጥረጊያ አንስቼ በእንጨቱ መታሁ። ከዚያ ወደ ፊት ሄጄ በመስኮቱ አየሁት፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«መቼ ነው የምትመቺው?» አለኝ።

አጠፋው። ጸጥ አለ። ድሮ ድፍን ሳጥን እያለ በሁለቱ ጡ መሃል ባዶ ነበር፤ የአባዬ መዳፍ እዚያች ባዶ ውስጥ ትገባ ነበር። ዱጉማ ባዶዋን ሞላት። ቦዲውን ከመዳፍ በላይ የሚመታ ነገር ውስጡ አስቀመጠበት። እጁ አልደከመም ነበር። ይሄን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ መሪውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«ለአባዬ እነግረዋለሁ» አለ። «እጁ ደክሞ መስሎት መሞት የለበትም።»

ባይነግረው ኖሮ እላለሁ። ግን ባይነግረውስ ምን ዓይነት ልጅ ይሆን ነበር?

አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ነገረው። አባዬ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ዱጉማ «አባዬ፣ መትተሃል። እጅህ ደህና ነበር። የኔ ሳጥን ነው ድምፁን የዋጠብህ። ሁሉንም ጊዜ የኔ ሳጥን ነው» አለው። አባዬ ዓይኑን ከጣሪያው ወደ እሱ መለሰ።

«እጄ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር አባዬ።»

«ድገመው።»

ደገመው። አባዬ ፊቱ በራ! በራ ስላችሁ! በስንት ወር ያላየሁት ፊት ነው። እጁን ከብርድ ልብሱ ስር አውጥቶ የአልጋውን ብረት መታው፤ በደካማው፤ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሳቀ። ዱጉማ ተንበርክኮ ሲያለቅስ አባዬ ይስቃል።

ከዚያ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ጎረቤታችን እማዋይሽ ሾርባ ይዛ ስትገባ አባዬ በጣቱ ዱጉማን ጠቆመውና «ንገራት» አለው። ዱጉማ ነገራት፤ አባቴ መትቷል፣ እጁ ደህና ነበር፣ ሳጥኑ የኔ ነው። እማዋይሽ አፏን ይዛ ቀረች። የሰፈር ሽማግሌዎች ሲገቡ «ንገራቸው»። የሀና ማርያም ዘመዶቻችን ሲገቡ «ንገራቸው»። ሹፌሮቹ ተሰብስበው ሲመጡ፣ እነዚያ ይረፉ ያሉት ሁሉ፣ ትራስ ደግፉልኝ ብሎ ቀና አለ፤ «ንገራቸው!» ዱጉማ ቆሞ ይናገራል። አንድም ቀን አላንገራገረም። በተናገረ ቁጥር እየመነመነ፣ አባዬ በሰማው ቁጥር እየደላው።

ደሜ ፈላ። ሰዎቹ ሲወጡ አባዬ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብዬ «አባዬ፣ ተው በቃ። ልጅህን እየገደልከው ነው» አልኩት። በሞት አልጋ ላይ ያለ አባቴን ተቆጣሁት፤ አሁንም አልተጸጸትኩም።

ግራ ገብቶት አየኝ። «እኔ መች ሰደብኩት? እጄ ደህና እንደነበረ ይወቁ ነው ያልኩት። እውነት አይደለም?»

እውነት ነው። ምን ይባላል ለእንዲህ ያለ እውነት!

ሃምዛ በዋስ ተፈትቶ መጣ፤ በር ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። አባዬ በእጁ ጠራው። ለዱጉማ «ንገረው» አለ፤ ድምፁ ከዚያ በኋላ ብዙም አልወጣም። ዱጉማ ነገረው። ሃምዛ መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። አባዬ «ሰማህ?» አለው። «መታሁ።» በዚያው ሌሊት አረፈ።

ሀና ማርያም ቀበርነው። ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ይጠይቃል፣ ልማድ ነው፤ «እንዴት ነው የሆነው?» ይላል። ዱጉማ እየተነሳ ይናገራል። እጁን ይዤ ላስቀምጠው ሞከርኩ። «ንገራቸው ብሎኛል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉሮሮ ያለው ሳጥን ሠርቶ አያውቅም። ክሩም ኮምፔንሳቶውም አቧራ ለብሷል። የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ይሠራል፣ በር ይጠግናል። ሹፌር ሲመጣ ግን ዝም ብሎ አይመልሰውም። ግንዱ ላይ ያስቀምጠውና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረዋል፤ ዝም ካለ የአባዬ እጅ ደክሞ ነበር ተብሎ ይቀራላ። እንዲያ እንዳይባል ነው ልፋቱ ሁሉ።

የሚያቃጥለኝ ምን መሰላችሁ? እየበዙ ነው የሚመጡት። ድሮ ከጀሞ ነበር የሚመጡት፤ አሁን ከብስራተ ገብርኤል፣ ከማላውቀው ሰፈር ሁሉ ይመጣሉ። ትናንት አንዱ መጣ፤ ጎረምሳ ነው፣ ሚኒባሱ ገና አዲስ። ዱጉማ ሁሉንም ነገረው፤ መዳፉን፣ በሩን፣ ሆስፒታሉን። ልጁ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጥሞና ሰማ። ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። «ነፍስ ይማር» አለ። ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

«እና ወንድሜ» አለው፣ «እሱን የመሰለ ሳጥን ትሠራልኛለህ?»